የመምህሩ የእርሳስ ጽሑፍ

ዛሬ ጠዋት በፓሪስ የቫንቭ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ አንዲት አዛውንት ከሳህንና ከሹካ መካከል የደረደሯቸውን፣ በትንንሽ ክብ ቆርቆሮ የተቀመጡ የትምህርት ፊልሞች ሳገላብጥ ቆየሁ። ፈረንሳዮች «ፊልም ፊክስ» የሚሏቸው እነዚህ የ35 ሚሊ ሜትር ጥቅልሎች የማይንቀሳቀሱ ሥዕሎችን በተርታ የያዙ ሲሆኑ፣ ቪዲዮ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት መምህሩ በጨለመ ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እያሳየ፣ በእጁ እያዞረ፣ አብሮ ከሚመጣው የማብራሪያ ጽሑፍም እያነበበ ያስተምርባቸው ነበር።

ስለ ፈረንሳዩ የሎዋር ወንዝ የተዘጋጀውን ስከፍተው የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ፊልሙ የተሠራበት አሲቴት የተባለ ፕላስቲክ መበስበስ ሲጀምር የሚያወጣው ሽታ ነው፤ አጠገቡ ያሉትን ፊልሞች መበስበስም ስለሚያፋጥን ብዙ ሰብሳቢ አይነካውም። ወደ ብርሃን አንሥቼ ሳየው ወንዙም ሰማዩም ቀልተዋል። በማብራሪያው ኅዳግ ላይ ግን፣ የጎርፉ ሥዕል ከተገለጸበት መስመር ትይዩ፣ አንድ መምህር በደቃቅ የእርሳስ ጽሑፍ «እዚህ ላይ ዝም በል፤ መጀመሪያ ልጆቹ ይናገሩ» ሲል ራሱን አስጠንቅቋል።

ሻጯ ዋጋ የጠየቁት ለፊልሙ ብቻ ነው፤ ወረቀቱን «ይውሰዱት» ብለው መረቁልኝ። ሰብሳቢዎችም ብንሆን ከዚህ አንሻልም፤ ሥዕሎቹን በጥንቃቄ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥን፣ የትምህርቱን ግማሽ የያዘውን ወረቀት በየመሳቢያው እንረሳዋለን። እኔ ጥቅልሉን ከሌሎቹ ለይቼ አየር በሚያስገባ የካርቶን ሣጥን አስቀምጫለሁ፤ መጀመሪያ የምገለብጠው ግን ወረቀቱን ነው።