አልጋ አለ?

ጎንደር ላይ ፔንሲዮን የከፈተ ሰው በቀን ሃያ ጊዜ የሚሰማት ጥያቄ ይህች ናት። ሻንጣ ያንጠለጠለ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «አልጋ አለ?» ይላል። «አለ» ብትሉት ግን ዘሎ አይገባም። «ውሃስ?» ይላል። እኔ ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ በቅጡ ለመስማት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ብሩን ተዉት።

ቨርጂኒያ ሳለሁ አውራ ጎዳና ዳር ባለ አንድ ርካሽ ሞቴል አምስት ዓመት ክፍል አጽድቻለሁ። በሩ ላይ የተሰቀለው ስም በመላ አሜሪካ ይታወቃል። ቤቱ ግን የባለስሙ ኩባንያ አልነበረም። ባለቤቶቹ ከህንድ፣ ከጉጅራት የሄዱ ባልና ሚስት ናቸው። ከሪሴፕሽኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ይኖራሉ። ወጥ ሲሠሩ የቅመማቸው ሽታ እንግዳ መቀበያው ድረስ ይመጣል። እዚያ አገር ይህ የተለመደ ነው። የህንድ ዝርያ ያላቸው የሆቴል ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋሙት ማኅበር ከአሜሪካ ሆቴሎች 60 በመቶ ያህሉ በአባሎቼ እጅ ነው ይላል።

ባልና ሚስቱ ከአልጋ ሽያጫቸው በመቶኛ እየቆረጡ በየወሩ ለባለስሙ ይከፍላሉ። ፍራንቻይዝ የሚሉት ይህን ነው። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ሳቅሁ። ስም ይከራያል እንዴ?

ይከራያል። ሞቴል 6 እ.ኤ.አ. በ1962 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ሲከፈት አዳሩ 6 ዶላር ነበር። ስሙም ከዋጋው መጣ። ሱፐር 8 በ1974 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ በ8 ዶላር ከ88 ሳንቲም ጀመረ። ዋጋዎቹ ከጠፉ ቆዩ፤ ስሞቹ ግን አሉ። በ2024 ኦዮ የተባለው የህንድ ኩባንያ የሞቴል 6ን ባለቤት ድርጅት በ525 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። አልጋውና ግድግዳው በአብዛኛው የሌላ ሰው ነው። ያ ሁሉ ዶላር የሚወጣው ለስሙና ስሙ ለሚያስገባው ክፍያ ነው።

ስሙ ውስጥ ምን እንዳለ የገባኝ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነው። ማታ ደክሟቸው ይመጣሉ። በሩን ከፍተው ጨለማ ውስጥ እጃቸውን ሲዘረጉ ማብሪያውን ያገኙታል። ትናንት ሌላ ከተማ ባደሩበት ክፍልም ማብሪያው እዚያው ቦታ ነበርና። ክፍሉን አይወዱትም፤ ያውቁታል እንጂ። የሚከፍሉትም ለዚያ ነው።

ይህን ሁሉ አውቄ በ2010 ዓ.ም. ጎንደር ተመለስሁ። ከዚያ ያወቅሁትን በሙሉ ረሳሁት።

ከመናኸሪያው ብዙም የማይርቅ የአባቴ ግቢ ነበረን። 14 ክፍል ሠራሁ። ስምንቱ የራሳቸው ሻወር አላቸው፣ ስድስቱ በጋራ። ኮርኒሱን ጂፕሰም አስደረግሁ። በየክፍሉ ቴሌቪዥን ሰቀልሁ። ደጁ ላይ ሰማያዊ መብራት አበራሁ። ጎረቤት ሁሉ «አሜሪካን አመጣሽልን» አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። በልቤ የማስበው ፈረንጁን ነበር። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ደግሞ ከ1978 ጀምሮ፤ ወደዚያ የሚሄድ ጎብኚ በእኛው ከተማ ያልፋል። ታዲያ ምን ይጎድላል?

ውሃ ይጎድላል። የጎንደር ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ እስካሁን ያሳፍረኛል። አንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን፣ ውሃ በፈረቃ መምጣቱን፣ ቢጫ ጀሪካን ከቤት ዕቃ አንዱ መሆኑን እያወቅሁ ለ14 ክፍል አንድ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ብቻ አስቀመጥሁ። ሒሳቡን ሥሩት። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰው ብቻ ቢያድር፣ እሱም በ50 ሊትር ቢብቃቃ፣ 700 ሊትር ሄደ። አንሶላ ማጠቢያው፣ ወለል መወልወያው ገና አልተቆጠረም። ፈረቃው ሲዘገይ በሁለተኛው ቀን ሮቶው ባዶ ነው። እንግዳው ሳሙና ተቀብቶ ይጮሃል፣ እኔ ጀሪካን ተሸክሜ እሮጣለሁ። ቴሌቪዥኑ ግን በጣም ጥርት ብሎ ይታያል።

ከ14ቱ ቴሌቪዥን ስምንቱን ሸጥሁ። ትንሽ ጨምሬ ሁለት ባለ 5000 ሊትር ሮቶ ገዛሁ። ከሮቶው ይልቅ የጠቀመኝ ግን አንድ ደንብ ነው። ውሃው ቀይ ቀለም ከቀባሁት መስመር በታች ሲወርድ እንግዳው ብር ከማውጣቱ በፊት ይነገረዋል። «ዛሬ ሻወሩ አይሠራም፣ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጀሪካን አለ፣ ከዋጋው 50 ብር ይቀነስልዎታል» ይባላል። ሰው ይሄዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አብዛኛው ያድራል። ጎንደሬ ውሃ በመጥፋቱ አይቀየምም፤ አለ ተብሎ ሲጠፋበት ነው የሚቀየመው።

አሁን ስለ አንሶላ ላውራ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ስከፍት አበባ ያለበት፣ ጠቆር ያለ አንሶላ ነው የገዛሁት። ቆሻሻ እንዳያሳይ። ቨርጂኒያ አምስት ዓመት ያጠብሁት ግን ነጭ ነበር፤ ምክንያቱም የዚያ ግልባጭ ነው። ነጭ ቆሻሻን ያሳያል። በረኪና ይችላል። እንግዳው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ሲያየው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ወደ ነጭ ስቀይር የቤቱ ሠራተኛ፣ ሙያተኛ የሆነች ልጅ፣ «እታለም፣ ከፈን አይመስልም?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ መጀመሪያ ላይ ቅር ያላቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ከላይ ባለቀለም ጋቢ መሰል ልብስ ጣል አደረግንበትና ነገሩ በረደ።

ለአንድ አልጋ ሦስት አንሶላ ያስፈልጋል። አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ። ሐምሌና ነሐሴ አራት ይሆናል፤ ገመድ ላይ ሁለት ቀን ቢውልም አይደርቅማ። ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ክረምት እርጥብ አንሶላ በካውያ እያደረቅሁ አልጋ አንጥፌያለሁ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ካውያውም የለም።

ክፍል ማጽዳት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አንሶላው ይገፈፋል። ከዚያ ሽንት ቤቱና መታጠቢያው ላይ በረኪናው ይረጫል፤ ግን ወዲያው አይፈተግም። አልጋው እስኪነጠፍ በረኪናው ሥራውን ይሠራል። መጨረሻ ላይ ይፈተጋል፣ ወለሉ ከጥግ ወደ በር ይወለወላል። ለሽንት ቤት ቀይ ጨርቅ፣ ለመስታወት ሰማያዊ፣ ለሌላው ነጭ። እኛ ጋ መጀመሪያ አንድ ጨርቅ ነበር ሁሉን የሚያዳርሰው። የት የት እንዳዳረሰው አልነግራችሁም።

አልጋዎቹንም አስቀየርሁ። የሠራሁበት ሞቴል አልጋው እግር የለውም፤ ወለሉ ላይ ዝግ ሳጥን ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ሥሩ አይጠረግም፣ ዕቃ አይጠፋም፣ የሚደበቅ ነገር የለም። እዚህ አናጺው «ምነው መቃብር አስመሰልሽው?» ብሎኝ ነበር። ከፈኑም መቃብሩም ተሟላ ማለት ነው! ግን በየክፍሉ አሥር ደቂቃ ያህል ሥራ ቀንሶልናል።

ትኋን አንድ ጊዜ ገብቶብናል። አንድ እንግዳ ጠዋት ክንዱን አሳየኝ። አፌ ላይ የመጣው «እኛ ቤት የለም» የሚል ነበር፤ ዋጥሁት። ፍራሹን ገልብጠን ስፌቱን ስናይ ጥቋቁር ነጠብጣብ አለ። ብሩን መለስሁለት። ክፍሉን ሦስት ሳምንት ዘጋሁ። ልብሱን በፈላ ውሃ አጠብን፣ ፍራሹን አወጣን፣ የአልጋውን ስንጥቅ ሁሉ ደጋግመን አከምን። ትኋን የቆሻሻ ቤት ምልክት አይደለም፤ በእንግዳ ሻንጣ ነው የሚገባው። የሚያሳፍረው ከገባ በኋላ ሁለተኛውን እንግዳ እዚያው ማስተኛት ነው። አሁን አንሶላ በተቀየረ ቁጥር የፍራሹ አራት ማዕዘን ይገለጣል።

ስለ ጥምቀት ደግሞ ይኸው ኃጢአቴ። የመጀመሪያው ዓመት ከተማው ለጥር ጢም ብሎ ሲሞላ 300 ብር የነበረውን አልጋ 900 አልሁት። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። በከተራው ዕለት ከመተማ መስመር የሚመጣ የአይሱዙ ሾፌር ገባ። በወር ሦስት ሌሊት እኔ ጋ ያድራል። ዋጋውን ነገርሁት። ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና «እታለም፣ እኔ እኮ የጥምቀት እንግዳ አይደለሁም» አለኝ። ወጣ። ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጠም። በሦስቱ የበዓል ሌሊቶች ከዚያች ክፍል 1800 ብር ተጨማሪ አገኘሁ። ሾፌሩ በዓመት የሚያስገባልኝ 10,800 ብር ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

የአሜሪካ ሞቴሎችም በበዓልና በኳስ ጨዋታ ሰሞን ዋጋ ይሰቅላሉ፤ ቅዱሳን አይደሉም። ግን ከአንዳንድ ደንበኛ ጋር ዓመቱን ሙሉ የማይነካ ዋጋ ይዋዋላሉ። እኔም አሁን አንድ ደብተር አለኝ። ስሙ እዚያ የተጻፈ ሰው በጥምቀትም፣ በዩኒቨርሲቲው የምርቃት ሰሞንም ዋጋው ያው ነው። ሾፌሩ በሰው አስለምኜው ተመልሷል።

ያሰብሁት ፈረንጅ ትንሽ ታይቶ ጠፋ። በ2012 ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያም ሌላ። ዝርዝሩን ታውቁታላችሁ። ቤቱን ያቆሙት አስታማሚዎች ናቸው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለው። ከጭልጋ፣ ከደምቢያ፣ ከአርማጭሆ፣ ከወገራ በሽተኛ ይመጣል። አንዱ ሲተኛ ሦስቱ ያስታምማሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት ሁለት የልጅ ልጆች ይዘው መጡ። ሪሴፕሽን ያስቀመጥሁት ልጅ እኔው ባወጣሁት ደንብ በልጅ 50 ብር ጨመረባቸው። እናቲቱ መቀነታቸውን ፈትተው ሳንቲም ሲቆጥሩ ደረስሁ።

እ.ኤ.አ. በ1951 ኬመንስ ዊልሰን የሚባል የሜምፊስ ሰው ከነልጆቹ መንገድ ወጥቶ ያደረባቸው ሞቴሎች በየልጁ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቁት። በግኖ ተመለሰ፤ በዓመቱ የራሱን ከፈተ። ልጅ ከወላጁ ጋር በነጻ ያድራል አለ። ያ ቤት ሆሊዴይ ኢን ሆነ። ይህን ታሪክ ቨርጂኒያ እያለሁ ለሰው ሁሉ አወራው ነበር! ደንቡን የዚያኑ ዕለት ቀደድሁት። ለአስታማሚዎች ትርፍ ፍራሽ አዘጋጀን፣ ግቢው ጥግ ላይ ከሰል ማንደጃ ቦታ ሰጠን። ሽሮ ሠርተው በሳሕን ይዘው ሆስፒታል ይሄዳሉ። ከሦስት ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያሉ። ወንዝ ቢሞላ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ሰው መታመሙን አያቆምም።

ደላላ ላይ ብዙ አልቆይም። የመናኸሪያ ልጆች ሰው ሲያመጡ ኮሚሽን ይወስዳሉ። የኢንተርኔት ቦታ ማስያዣዎቹም 15 በመቶ አካባቢ ይወስዳሉ። የእኛው ደላላ ቢያንስ ሻንጣ ይሸከማል።

አሁን ደባርቅ ላይ ዘጠኝ ክፍል የሚከራይ ቤት አግኝቻለሁ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛ ቤት ማለት እኔ የሌለሁበት ቤት ማለት ነው፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ቨርጂኒያ ሳለሁ ከባለስሙ ኩባንያ ተቆጣጣሪ ሳይነግር ይመጣ ነበር። ቅጹን ይዞ ፎጣ ይቆጥራል፣ አምፖል ያበራል፣ ጣቱን በር ጉበን ላይ ያሳልፋል። ያኔ እንጠላው ነበር።

ባለፈው ደባርቅ አሥር ቀን ቆይቼ ስመለስ የሱን ሥራ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። አዳዲሶቹ ሠራተኞች አያውቁትም። ማታ አራት ሰዓት ላይ መብራት በሌለበት እንዲገባ አደረግሁ። ጠዋት ወረቀቱን አመጣልኝ። ዘበኛው በሁለተኛው ማንኳኳት ከፍቷል። ደጁ ላይ የሶላር መብራት በርቷል። የውሃው ነገር ሳይጠይቅ ተነግሮታል። አንሶላው ነጭና ደረቅ ነው። ማብሪያውን በጨለማ አግኝቶታል። ሳሙና ግን የለም፤ በየትኛውም ክፍል።

የቤቱን ሠራተኛ ጠራኋት። «ሳሙናው የት ሄደ?» አልኋት፣ ቆጣ ብዬ።

«እታለም፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ይዘውት ሄደው የለ!»

ቦርሳዬን ከፈትሁ። ደባርቅ ደርሶ ተመልሷል።