«ይቺ ኤስ ትነበባለች?»

2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ሰሜን ሸዋ፣ አንዲት የወረዳ ከተማ። በሴሚስተር እረፍት ለአንደኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህራን የሦስት ቀን ሥልጠና እሰጣለሁ። እኔም አምስት ቀን ሠልጥኜ ነው የወረድኩት። ማኑዋሉ ስለ ቡድን ሥራና ስለ ተማሪ ተኮር ማስተማር ነው። ስላይዱ በሙሉ በእንግሊዝኛ። ሠልጣኞቹ አቀርቅረው ይጽፋሉ። «ጥያቄ?» ስል እጁን የሚያወጣ የለም።

በሁለተኛው ቀን የሻይ ሰዓት ላይ አንድ ሸበቶ መምህር ተከትለውኝ ወጡ። ሰው እንዳይኖር ዞር ዞር ብለው አዩ። ከኮታቸው ኪስ የታጣጠፈ የደብተር ወረቀት አወጡ።

«ልጄ፣ ካላስቸገርኩሽ፣ ይቺ ኤስ ትነበባለች?»

ጣታቸው ያረፈው «ደሴት» ማለት በሆነው የእንግሊዝኛ ቃል፣ island ላይ ነው።

«አትነበብም ጋሼ። አይላንድ ነው የሚባለው።»

«አይላንድ» አሉ ቀስ ብለው። ትንሽ ዝም አሉ። «22 ዓመት ሙሉ ኢስላንድ እያልኩ አስተማርኩ።»

ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ወረቀቱ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ቃላት ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ጎን በእርሳስ፣ በእኛው ፊደል፣ የራሳቸውን ግምት ጽፈዋል። አንስዌር፣ ክኖውሌጅ። እኛ የተጻፈውን ሁሉ እናነባለን። እንግሊዝኛ የጻፈውን ይውጣል፤ ካልሰሙት በምን ይታወቃል? እሳቸው ከመምህራን ማሠልጠኛው ከቲቲአይ በ12+1፣ ከ12ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ሠልጥነው ሲወጡ ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምሩ ነበር። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ሲያስጀምር እሱም እሳቸው ላይ ወደቀ።

«ሥልጠናማ ሞልቷል» አሉኝ። ልክ ናቸው። ተሙማ፣ ማለትም ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያው፣ ብቻ በዓመት 60 ሰዓት ነው። «ሁሌም እንዴት እንደማስተምር ትነግሩኛላችሁ። ምን ብዬ እንደማነበው ግን የነገረኝ የለም።»

ሻያችን በረደ። ሠላሳውንም አብረን አነበብን።

ከሰዓት በኋላ ስላይዱን ዘጋሁት። ብጣሽ ወረቀት አደልኩና «ስም ሳትጽፉ የሚያስቸግራችሁን ቃል ጻፉ» አልኩ። ካርቶኑ ሞላ። እያወጣን ጮክ ብለን አነበብን። ያ ጭጭ ያለ ክፍል ድምፁ ውጭ ድረስ ተሰማ። አስተባባሪው በሩን ከፍቶ «ይሄ ማኑዋሉ ላይ አለ?» አለኝ። የለም አልኩት።

ሪፖርቴ ላይ ከሥልጠናው ሰዓት ግማሹ ለመምህሩ ለራሱ እንግሊዝኛ፣ ለማዳመጥና ለንባብ ይሰጥ ብዬ ጻፍኩ። መልስ አላገኘሁም። በዓመቱ የመጣው ማኑዋልም ስለ ቡድን ሥራ ነበር። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነው ሲባል፣ በየሻይ ቤቱ ጣት የተቀሰረው መምህሩ ላይ ነው። እኔ ያቺ የታጣጠፈች ወረቀት ትዝ አለችኝ። ያን ቀን በጣም አዘንኩ።

ጋሼ ከሥልጠናው በኋላ ትምህርት እንደተጀመረ ደውለውልኝ ነበር።

«ለልጆቹ ነገርኳቸው። እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነበር አልኳቸው። አንዱ ምን አለኝ መሰለሽ? ታዲያ ካልተነበበች ለምን ተጻፈች ቲቸር!»

«ጋሼ፣ ድሮ አልነበረችም። ቃሉ ከላቲን የመጣ መስሏቸው የተማሩት ሰዎች በስህተት የጨመሯት ናት።»

ስልኩ ውስጥ ሳቃቸው ለረጅም ጊዜ ተሰማኝ።

«በይ ይሄንንም ነገ እነግራቸዋለሁ» አሉ።