የልጄ ነው

እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ! ነገ መስከረም 1 ቀን 2019 ነው። ዓርብ ስለዋለ እኛ ጿሚዎች ዶሮዋን እስከ ቅዳሜ መታገሥ ሊኖርብን ነው። ቄጤማው ግን ጾም አያውቅም። ዛሬ ጠዋት አራት ኪሎ መንገድ ዳር ከአደይ አበባው ጋር ተከምሮ አየሁት፤ ሽታው ብቻውን በዓል ነው።

ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በእኛ ቤት የእንቁጣጣሽ ሥራ ክፍፍል ግልጽ ነበር። ሴቶቹ አበባየሆሽ እንጨፍራለን፤ ወንዶቹ ሥዕል ያዞራሉ። ችግሩ ወንድሜ መሣል አይችልም። እሱ የሣለው መልአክ ክንፍ ያበቀለ ድንች ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ተደብቄ የምሥለው እኔ ነበርኩ። አንዱ ሉክ ለአራት ይቆረጣል። ፀሐይ፣ አደይ አበባ፣ ጦር የያዘ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከሥሩ «እንኳን አደረሳችሁ»። እሱ በየበሩ እየዞረ ያድላል፣ ስሙኒ ይቀበላል፣ ሲቀናው ሽልንግ። «አንተ ነህ የሣልከው?» ሲሉት «አዎ» ይላል። ለእኔ ከረሜላ ይገዛልኛል። አሁን ሳስበው የመጀመሪያ ደላላዬ እሱ ነው። ኮሚሽኑ ብቻ ትንሽ በዛ።

ከዚያ አደግኩና ሒሳብ ተማርኩ። ቸርችል ጎዳና ዳር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት 31 ዓመት ሒሳብ ስዘጋ ኖርኩ። አንዳንዴ ከቢሮ ስወጣ ሽቅብ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ እሄድ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች አሉ። አፈወርቅ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሥዕል ተምረው ተመለሱ። እኔ ሒሳብ ተማሪ ተባልኩ፣ ሒሳብ ተማርኩ። ታዛዥ ልጅ ነበርኩ።

በ2016 ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። እኔም ሥራዬን በፈቃዴ ለቀቅሁ። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አልላችሁም። ብቻ ማታ ማታ የሰፈሩ በሮች ይመጡብኝ ጀመር። ወንድሜ ስሙኒ የተቀበለባቸው በሮች። ቀለሙ የተላጠው አረንጓዴ የእንጨት በር። በቆርቆሮ የተጣፈው። ሲከፈት እንደ ሰው የሚያቃስተው። ከአብዛኞቹ አንድ ፎቶ እንኳ የለኝም። 54 ዓመቴ ነበር። ሄጄ የማታ ሥዕል ትምህርት ተመዘገብኩ።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ልጆቹ በሙሉ ብድግ አሉ። ለካ ተቆጣጣሪ የመጣች መስሏቸው ነው። መምህሩ ራሱ በዕድሜ ከልጄ እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ማዘር» ሆነ። ጥሩው ወንበር ለማዘር። መስኮቱ አጠገብ ማዘር። ሻይ ሲመጣ ቅድሚያ ለማዘር።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ አንድ ነገር ገባኝ። መምህሩ በየወንበሩ እየዞረ አንዱን «ይሄ እጅ ነው ወይስ ሹካ?» ይለዋል። ሌላዋን «አጥፊውና እንደገና» ይላታል። እኔ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ይቀጥሉ» ብሎ ያልፋል። ቆንጆ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ዓይን አለኝ። ነገሩ የልጁ ጥፋት አይደለም። እርስዎ እያሉ ሰውን ማረም ከባድ ነው። «አጥፊው» ትምህርት ነው። «ቢያጠፉትስ?» ልመና ነው።

አንድ ማታ ሁሉም ሲወጡ ቀረሁና «አንቺ በለኝ» አልኩት። «ኧረ በስመ አብ!» አለ። እናቱ ብትሰማ ምን እንደምትለው ሳይቀር ነገረኝ። ተደራደርን። ከበሩ ውጭ እርስዎ፣ ከሸራው ፊት አንቺ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ…» አለና ትንሽ ዝም አለ። «ይሄ በር አይደለም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርቶን ነው። ጥላው የታል?»

እውነቱን ነው። ጥላውን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። 31 ዓመት ቁጥር ሳይ ኖሬ፣ በር ጥላ እንዳለው ከአእምሮዬ ወጥቷል። ያን ማታ ቤቴ እስክደርስ በየመብራቱ ሥር እየቆምኩ የሰው በር ስመረምር ዘበኞች ሳይጠረጥሩኝ አልቀሩም።

ከክፍል ውጭ ያለው ይሉኝታ ደግሞ ሌላ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሸራዬን ይዤ ታክሲ ስገባ ረዳቱ «ማዘር፣ የሁለት ሰው ነው የሚከፍሉት» አለኝ። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ «ሥዕል ነው እንዴ? የማን ነው?» ሲሉኝ «የልጄ ነው» አልኳቸው። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። «ይባረክ!» አሉ። ልጄ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምረው በማስመሪያ ብቻ ነው። ከታክሲው ከወረድኩ በኋላ ነው ነገሩ የቆጠቆጠኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሥዕሌን ለወንድሜ ሰጠሁ። አሁን ደግሞ ለልጄ?

ወዳጆቼ ሊያበረታቱኝ ሲፈልጉ ሀዲስ ዓለማየሁን ይጠሩልኛል። የተወለዱት በ1902፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958። ሒሳቡን እኔም ሠርቼዋለሁ፣ 56 ይመጣል። ግን ብዙም አያጽናናኝም። ሀዲስ ከዚያ በፊት ቲያትር ጽፈዋል፣ ዘምተዋል፣ ጣሊያን አገር ታስረዋል፣ አምባሳደር ሆነዋል። እንዲህ ኖሮ መጻፍና ደረሰኝ ሲያያይዙ ኖሮ መሣል አንድ አይደለም። ለእኔ የሚቀርበኝ ዘንድሮ ዘመኑን የሰጠን ሉቃስ ነው። ሙያው ሕክምና ነበር። አባቶቻችን ደግሞ የእመቤታችንን ሥዕል የሣለው እሱ ነው ይላሉ። የእሱ ዓመት የሚያልቀውም በጳጉሜን 6 ነው። አንዲት ትርፍ ቀን! ምን እንደምሥልባት ከአሁኑ ወስኛለሁ፤ የሚያቃስተውን በር።

ገቢውን ለምትጠይቁኝ፦ በሦስት ዓመት አራት ሥዕል ሸጫለሁ። የቀለሙን ዋጋ አታንሱብኝ። ሐምሌ ላይ ነጋዴው ግብር ሲያሳውቅ አሁንም የሰው ሒሳብ እሠራለሁ፤ ሸራ የምገዛው በእሱ ነው። ከአራቱ አንዱን የገዛው ወንድሜ ነው። አረንጓዴውን በር። ገንዘቡን ሲሰጠኝ «የስሙኒዎቹ ዕዳ ተጨምሮበታል» አለኝ። አልቆጠርኩትም። በኋላ ግን ቆጠርኩት።

ለነገ 30 ሥዕል አዘጋጅቻለሁ። አንዱ ሉክ ለአራት፣ እንደ ድሮው። ፀሐይ፣ አደይ አበባ፣ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፤ በዚህኛው ጥላ አለው። ከሥሩ «እንኳን አደረሳችሁ»፣ ከእሱ ዝቅ ብሎ ስሜ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሕንፃችንን በሮች ከታች እስከ ላይ አንኳኳለሁ። ጎረቤቶቼ፣ ስሙኒ ፈልጉ።

ልጄ ይህን ሲሰማ «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አለኝ። «አብረኸኝ ና» አልኩት፣ «ከረሜላ እገዛልሃለሁ።»