በጋ ላይ ገጠር
ከደብረ ብርሃን ተመልሼ ፒያሳ ገባሁ፤ ልቤ እዚያው እናቴ ግቢ ቀርቷል። በጋ ላይ ገጠር ቤት ማለት ደጅ ነው በቃ። ቡናው ደጅ ይፈላል፣ ምሳው ደጅ ይበላል፣ ገብሱ አውድማ ላይ ይወቃል፣ እብቁ ንፋስ ሲያገኘው ፀጉር ውስጥ ሁሉ ይገባል። ክረምት ላይ ብትመጡ ሌላ አገር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ቦቲ ይውጣል፣ እርጥብ እንጨት እያጨሰ ዓይን ያቃጥላል፣ ሰው ሁሉ እሳት ዳር ነው። (ዝናቡ ባይኖር ገብሱም የለም፣ ይገባኛል።) የታኅሣሥ ውርጭም ቀላል አይደለም፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ እኮ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ግን ግድግዳ ተደግፎ መሞቅን የመሰለ ነገር የለም! እማዬ «ቁጭ በል፣ ምን ያስቸኩልሃል» ትለኛለች። ለጥምቀት ወደ ቤተሰብ የምትሄዱ፣ እባካችሁ አንድ ቀን ጨምሩ።