ጎምዛዛውን የጂን ኮክቴል እቤት እንዴት ሠራሁት

ጎምዛዛ ነገር ነፍሴ ነው። ጂን ሳወር የሚባለውን ኮክቴል ራሴ ልሥራው ብዬ ስነሳ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጂን፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ በረዶ፤ አለቀ። ግን አራት ነገር ብቻ ያለው መጠጥ ውስጥ አንዱ ከተበላሸ የሚሸፍንለት የለም።

መጀመሪያ በግምት ነው የሠራሁት። ጂኑን ቸለስ፣ ሎሚውን ጨመቅ፣ ስኳሩን በማንኪያ ጣል። ስኳር ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ ታች ዘቅጦ ቀረ። ላይ ላዩ ፊት የሚያጨማድድ፣ የመጨረሻው ጉንጭ ደግሞ ጥርስ የሚያሳክክ ጣፋጭ ሆነ። አሁን አንድ ስኒ ስኳር በአንድ ስኒ ሙቅ ውሃ አሟሟና አቀዘቅዘዋለሁ፤ ሽሮፕ የምለው ይህን ነው። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲፈለግ ዝግጁ ነው።

ልኬቱ ከብዙ ሙከራ በኋላ እዚህ ላይ ረጋልኝ፦ 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 30 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ሽሮፕ። ጉምዘዛው የበዛበት ሰው ሽሮፑን 25 ያድርገው። 5 ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ናት፤ ግን መጠጡን ሌላ ታደርገዋለች።

ጭማቂው ላይ አልደራደርም። የታሸገውን ሞክሬዋለሁ፤ ይጎመዝዛል፣ መዓዛ ግን የለውም። ሎሚውን ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ጫን አድርጎ ማንከባለል፣ ቆርጦ ወዲያው መጭመቅ፣ በማጥለያ ማሳለፍ። ቢጫውም አረንጓዴውም ይሆናል፤ የአሲዳቸው መጠን ተቀራራቢ ነው። አንዴ በሎሚው ፋንታ ብርቱካን ብቻ አደረግኩና መጠጡ ሞተብኝ። የብርቱካን አሲድ ከሎሚው በጣም ያንሳል፤ ሎሚ ካልደገፈው አይቆምም።

ትልቁን ነገር ያስተማረኝ ግን በረዶው ነው። ውሃ እንዳይበዛበት ብዬ ሦስት ፍሬ ብቻ እጨምር ነበር። ተቃራኒው ነው የሆነው። ትንሽ በረዶ መጠጡን ሳያቀዘቅዝ ራሱ ቀልጦ ያልቃል። ብዙ ሲሆን ቶሎ ያቀዘቅዛል። የሚቀልጠው ትንሽ ውሃም ያስፈልጋል፤ የጂኑን ማቃጠል የሚያለዝበው እሱ ነው። ስለዚህ ሼከሩን፣ ማለትም ክዳን ያለውን የኮክቴል መናጫ ዕቃ፣ በበረዶ ሞልቼ ለ15 ሰከንድ ያህል በደንብ እንጠዋለሁ። ብረቱ ጭጋግ ለብሶ ጣት መቆንጠጥ ሲጀምር ደርሷል። አልኮል ስላለበት ፈሳሹ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶ እንኳ አይረጋም። ሼከር የሌለው ሰው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ፣ አፈ ሰፊ ዕቃ ይሥራ፤ እኔም የጀመርኩት በዚያ ነው።

ጂኑ ለንደን ድራይ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይሻላል። ስኳር የገባበት ጂን ልኬቱን ያፋልሰዋል። ጂን የሚቀመምበት የጥድ ፍሬ ሽታ ደግሞ ከሎሚ ልጣጭ ጋር ሲገናኝ የተለየ ነገር ይሆናል። ልጣጩን በስሱ አነሳለሁ፣ ነጩን ክፍል ሳልነካ፤ እሱ መራራ ነው። ከዚያ ብርጭቆው ላይ አስጠግቼ ጠምዘዝ ሳደርገው ዘይቱ ብናኝ ሆኖ ይረጫል። በብርሃን ፊት ሲያዩት መጠጡ ላይ ስስ፣ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይሠራል። ከመቅመሴ በፊት የማሸተው እሱን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጉምዘዛው አልኮሉን ስለሚደብቀው እንደ ጭማቂ ይወርዳል። 40 ከመቶ አልኮል ያለው 60 ሚሊ ሊትር ጂን ውስጥ 24 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለ። እንግዳ ሲኖረኝ ይህን ሳልናገር አልቀዳም፤ ውሃም አጠገቡ አስቀምጣለሁ።

በእንቁላል ነጭ አረፋ የሚያሠሩት አሉ። አረፋው ያምራል፣ ግን ጉምዘዛውን ያለዝብብኛል። እኔ ይልቅ በጣት ጫፍ ጨው ጣል አደርጋለሁ፤ ሎሚውን ያነቃዋል። ሰሞኑን ደግሞ ከሎሚው 10 ሚሊ ሊትር ቀንሼ ግሬፕፍሩት 25 እየጨመርኩ ነው። ትንሽ ምሬት ይዞ መጣ፣ ወድጄዋለሁ፤ ሽሮፑ ግን ገና አልተስተካከለልኝም።