ሩት 50ን ይዘን እስከ ኔቫዳ

ቨርጂኒያ የምንኖር ሁሉ ሩት 50ን እናውቀዋለን። አርሊንግተን ቡሌቫርድ እያልን ጠዋት ጠዋት በትራፊክ የምንንፏቀቅበት መንገድ ነው። ይኸው መንገድ ከአትላንቲክ ዳር፣ ከኦሽን ሲቲ ተነስቶ ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ድረስ 3 ሺህ ማይል ያህል ይዘልቃል።

እኔ የትራክ ሹፌር ነኝ። አሜሪካን አውቃለሁ አልልም፤ የማውቀው ኢንተርስቴቱን፣ ከግዛት ግዛት የሚያሻግረውን ፈጣን አውራ ጎዳና ነው። እሱ ላይ ከተማ ማለት የኤግዚት ቁጥር ነው፤ ትራክ ስቶፑ ኦሃዮም ሆነ ዩታ ያው ነው። ዕረፍት ስወጣ ባለቤቴ «አንተ ሎድ በምትጎትትበት መንገድማ አልሄድም» አለች። በቤት መኪና በ50 ወጣን።

ልዩነቱ የታወቀን ገና ዌስት ቨርጂኒያ ስንገባ ነው። መንገዱ ራሱ የየከተማው ዋና ጎዳና ይሆናል። በሰዓት 55 ማይል ስትነዱ ቆይታችሁ ድንገት 25 የሚል ምልክት ይመጣል። ፖሊስ ጥጉን ይዞ የሚጠብቀው እዚያች ላይ ነውና ከምልክቱ በፊት ፍጥነት ቀንሱ። ቀልዴን አይደለም።

ካንሳስን ሁሉም አሰልቺ ነው ይላል። እኔም በኢንተርስቴት 70 ስመላለስ እንደዚያው ነበርኩ። ከዶጅ ሲቲ ወደ ጋርደን ሲቲ ስንሄድ ግን መኪናውን ጥግ አስያዝኩ፤ ማሽላ! የቆቦ ልጅ ማሽላ አይስትም። ኮምባይነር እንዲያጭደው ተብሎ የተዳቀለ ዘር ስለሆነ ቁመቱ ከወገብ አይዘልም፤ ራሱ ግን ያው ቀዩ ማሽላችን ነው። ለካ በአሜሪካ በማሽላ ምርት ቀዳሚው ግዛት ካንሳስ ነው። አብዛኛው ለከብት መኖና ለኤታኖል ይውላል። ባለቤቴ «ጠላ የሚጠምቅበት ሰው ጠፍቶ?» ብላ ሳቀች።

ኮሎራዶ ላይ ኢንተርስቴት 70 ተራራውን በአይዘንሃወር ዋሻ በስቶ ያልፋል። 50 ግን እየተጠማዘዘ ሞናርክ ፓስ አናት ላይ ያወጣችኋል፤ 11,312 ጫማ ነው። ከወሎ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተመላለሰ ሰው ጣርማ በር ትዝ ሳይለው አይቀርም። ቁልቁለቱን ፍሬን ላይ ተኝታችሁ ሳይሆን በከባድ ማርሽ ውረዱ። ዩታ ውስጥ ለረጅም ርቀት 50 ራሱ ከ70 ጋር አንድ ይሆናል፤ እሱን እለፉት።

ከዚያ ኔቫዳ። ላይፍ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1986 «በአሜሪካ እጅግ ጭር ያለው መንገድ» ያለው ይህን ክፍል ነው። የኔቫዳ ሰዎች አልተቀየሙም፤ ስሙን ምልክት ላይ ጽፈው ቱሪስት ይጠሩበታል። ከኢሊ ዩሬካ 77 ማይል፣ ከዩሬካ ኦስቲን 70፣ ከኦስቲን ፋሎን 110 ገደማ ነው። ስልኩ ኔትወርክ ስለሚያጣ ካርታውን ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉ፤ ማደያ ባያችሁ ቁጥርም ሙሉ።

ፋሎን በረሃ መሀል ያለች ለምለም ናት። ውኃው ከላሆንታን ግድብ በቦይ እየመጣ እርሻውን ያጠጣል። ከዋናው መንገድ ወጣ ብለን ቀስ ብዬ ስነዳ ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። አደአ ያደገች ሰው ናት፤ ማሳው ገና ከሩቅ በነፋስ ሲተኛ ለይታዋለች። ጤፍ ነው። ወርዳ ከዳር የወደቀ አንድ ዘለላ አነሳች፤ መዳፏ ላይ አሽታ እፍ አለችና ፍሬውን አየችው። «ሰርገኛ ነው» አለች።

ባለ ፒክአፕ ገበሬ አጠገባችን ቆመ። ምን ትሠራላችሁ ይለናል ብዬ ስጠብቅ «ኢትዮጵያውያን ናችሁ?» አለን። ከዲሲ እስከዚያ ድረስ ሳንነግረው ያወቀን ሰው እሱ ብቻ ነው። ጤፍ የሚገዙት የእኛ ሰዎች እንደሆኑ፣ ችግሩ አረሙ እንደሆነ እየነገረን፣ እሷም በክረምት ጭቃ ስለሚደረገው አረማ እየነገረችው ፀሐይ ላይ ቆመን ብዙ ተጫወትን። መካከል ላይ የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ «ጉልጓሎ»ን እንዴት አድርጌ እንደነገርኩት አትጠይቁኝ።

ሥራ እየጠበቀኝ ስለነበር መልሱን በኢንተርስቴት 80 ጨረስነው። ስለእሱ የምጽፈው የለኝም።