ከደጁ እስከ ጓዳው፦ የፓሪስ የፋሽን ሳምንት

የመስቀል ሰሞን ፓሪስ ውስጥ አልጋ የሚፈልግ ሰው ኪሱን ዳብሶ ይግባ። የሴቶች ሬዲሜድ ልብስ የሚታይበት፣ ዘጠኝ ቀን ገደማ የሚዘልቀው የፋሽን ሳምንት የሚውለው በዚሁ ጊዜ ስለሆነ የክፍል ዋጋ ሰማይ ይነካል። እኔ ከፍራንክፈርት በባቡር ገብቼ ያረፍኩት ፓሪስ ብዙ ዓመት የኖረች ጓደኛዬ ሶፋ ላይ ነው። እሷ በየወቅቱ ማሬ ሰፈር ካሉት ሾውሩሞች (የፋሽን ቤቶች ልብሳቸውን ለሱቅ ገዢዎች የሚያሳዩባቸው ክፍሎች) በአንዱ በጊዜያዊነት ትቀጠራለች፤ ልብስ ትተኩሳለች፣ ትሰቅላለች፣ ለገዢዎች እያወረደች ታሳያለች።

መግቢያ ካርድ ስላልነበረኝ የመጀመሪያውን ቀን ቱለሪ አትክልት ስፍራ ደጅ ስጠና ዋልኩ። አንድ ትልቅ የፋሽን ቤት ድንኳን ተክሎ፣ ጥቋቁር መኪኖች ሪቮሊ ጎዳና ላይ ተደርድረው ነበር። ካሜራ ያንጠለጠሉ ልጆች መኪና መንገድ መሀል ገብተው ይሯሯጣሉ። አንዲት ቢጫ ካፖርት የለበሰች ሴት የእግረኛ ማቋረጫውን ተሻግራ ስታበቃ፣ ዞር ብላ አሁንም ተሻገረች፤ ፎቶው እስኪጥማት ድረስ ተመላለሰችበት። ወደ ድንኳኑ ትገባለች ብዬ ብጠብቅ፣ መጨረሻ ላይ ጫማዋን ቀይራ ሜትሮ ወረደች። ሾው በተባለው ሰዓት አይጀመርም፤ ግማሽ ሰዓት መዘግየት እንደ ደንብ ነው። ከጀመረ ደግሞ በአሥር፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ ያልቅና ሕዝቡ ወደሚቀጥለው ይሮጣል።

ማታ ለጓደኛዬ ያየሁትን ስነግራት ሳቀች። «እየውልሽ፣ ሰዓቱን ማን እንደሚያድል ካላወቅሽ የዚህ አገር ፋሽን አይገባሽም» አለችኝ።

ሰዓት አዳዩ የኦት ኩቱርና የሞድ ፌዴሬሽን ነው፤ ኦት ኩቱር በእጅና በልክ የሚሰፋው ልብስ፣ ሞድ ደግሞ ፋሽን ማለት ነው። በይፋዊው መርሐ ግብር ላይ ስሙ እንዲሰፍርለት የሚፈልግ ቤት ያመለክታል፤ ኮሚቴው ያየዋል። ገና የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ልብሱ ተሰቅሎ ወይም ሞዴሎች ቆመው በሚታዩበት ዝግጅት ይገቡና ወደ ሾው የሚያድጉት ቆይተው ነው። በየወቅቱ ኒው ዮርክ፣ ለንደን፣ ሚላን፣ በመጨረሻም ፓሪስ ተራቸውን ይይዛሉ። መጨረሻ መሆን እዚህ ላይ ጥቅም ነው፤ ገዢው ሁሉንም አይቶ ብሩን የሚያራግፈው ፓሪስ ደርሶ ነው። ወንዶች በጃንዋሪና በጁን፣ ኦት ኩቱር በጃንዋሪና በጁላይ የየራሳቸው ሳምንት አላቸው።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ባንድ ቀን አልተሠራም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1858 ቻርልስ ፍሬደሪክ ዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ሩ ደ ላ ፔ ላይ ቤት ከፈተ። ከዚያ በፊት ሴቲቱ ጨርቋን ገዝታ ሰፊዋ ዘንድ ትሄድና «እንዲህ አድርጊልኝ» ትላለች፤ ዛሬም መርካቶ ሸምታ ሰፊ ቤት የምትሄድ ሙሽራ እንደምታደርገው። ዎርዝ ነገሩን ገለበጠው። ነዳፊው እሱ ሆነ፣ ልጃገረዶች ለብሰው አሳዩ፣ ደንበኛዋ ከቀረበላት መረጠች፤ ስሙንም ልብሱ ውስጥ ሰፋበት። በ1868 ሙያተኞቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ የዛሬው ፌዴሬሽን ሥሩ እዚያ ነው።

ማኅበሩ ዋጋው የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ ኦት ኩቱርን ነቅለው ወደ በርሊንና ቪየና ሊወስዱት አሰቡ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሉሲየን ለሎንግ በ1940 በርሊን ድረስ ሄዶ ተከራከረ፤ ሙያው ከሠራተኞቹና ከከተማው ከተለየ ይሞታል አለ። ኩቱር እዚያው ፓሪስ ቀረ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የአሻንጉሊቶቹ ታሪክ ነው። ከተማዋ ነፃ ስትወጣ ጨርቅ የለም፣ ቆዳ የለም፣ ማሞቂያ እንኳ የለም። የፓሪስ ሰፊዎች ቁመታቸው 70 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የሽቦ አሻንጉሊቶች አሠርተው በትንሽ ጨርቅ ሙሉ ስብስባቸውን ሰፉላቸው። ጫማ ሠሪው በልካቸው ጫማ፣ ባርኔጣ ሠሪው ባርኔጣ፣ ጌጥ ሠሪው ጌጥ ሠራ። በማርች 1945 ለተቸገሩ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሉቭር ውስጥ፣ የጌጣጌጥ ጥበባት ሙዚየም ባለበት ክንፍ ቀረቡ፤ ከዚያም አሜሪካ ተሻገሩ። አሻንጉሊቶቹ ዛሬም ያሉት እዚያው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ሜሪሂል የሚባል ሙዚየም ነው። እኔ ፓሪስ ያየሁት ፎቷቸውን ብቻ ነው፤ የአንዷ ጃኬት ቁልፎች የምስር ፍሬ ያህላሉ፤ ዙሪያቸው እንኳ በክር ተይዟል። ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947፣ ነዳፊው ክርስቲያን ዲዮር አቬኑ ሞንታኝ ቁጥር 30 ላይ ወገቡ ጠበብ፣ ቀሚሱ ሰፋ ያለውን ልብሱን አሳየና ዓለም ወደ ፓሪስ ዞረ። በቤቱ ደጅ አልፌያለሁ፤ ወረፋው ስላስፈራኝ አልገባሁም።

ፓሪስ ተዘግታ በቆየችባቸው ዓመታት ታዲያ ኒው ዮርክ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ኤሊኖር ላምበርት የምትባል የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ በ1943 ጋዜጠኞችን ሰብስባ «የፕሬስ ሳምንት» አዘጋጀች፤ የአገሯን ሰፊዎች ሥራ ተራ በተራ አሳየች። ሳምንት የሚባለው ነገር የመጣው በዚያ በኩል ነው። ፓሪስ የኩቱርና የሬዲሜድ ቤቶቿን በአንድ ፌዴሬሽን ሥር አድርጋ የራሷን የፋሽን ሳምንት ያደራጀችው በ1973 ነው። ይህችው ላምበርት በዚያው ዓመት ኖቬምበር 28 ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውስጥ አምስት አሜሪካዊ ነዳፊዎችን ከአምስት ፈረንሳዊ ጋር አሰለፈች።

ለዚህ ስል ግማሽ ቀን ወስጄ ቬርሳይ ወረድኩ። በዚያ በ1973ቱ ምሽት ፈረንሳዮቹ ኦርኬስትራና ግዙፍ መድረክ ይዘው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆዩ። አሜሪካኖቹ፣ እንደሚተረከው፣ ለመድረኩ ጀርባ ያሠሩት ሥዕል ልኩ በሜትር ሳይሆን በጫማ ተወስዶ ኖሮ አንሶ ተገኘ፤ ስለዚህ ባዶ መድረክ ላይ፣ በቴፕ ሙዚቃ፣ ግማሽ ሰዓት አለፍ ላለ ጊዜ ብቻ አሳዩ። አሥር ያህል ጥቁር ሞዴሎች ይዘው ነበር፤ አረማመዳቸው አዳራሹን ገለበጠው። ታዳሚው የፕሮግራም ወረቀቱን ወደ ላይ እየወረወረ አጨበጨበ ይባላል።

ጓደኛዬ ይህን ሳነሳባት ወዲያው ወደ ሊያ ከበደ ወሰደችው። የአዲስ አበባዋ ልጅ ሞዴልነት ፍለጋ የመጣችው እዚሁ ፓሪስ ነበር፤ በ2002 የፈረንሳዩ ቮግ መጽሔት አንድ ሙሉ እትም ለሷ ሰጠ። በ2007 ደግሞ «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅቷን መሥርታ የአገር ቤት ሸማኔዎች የሠሩትን ልብስ ወደ ዓለም ገበያ አወጣች። ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ የመጣ ነዳፊ በኦት ኩቱሩ መርሐ ግብር ስሙ የገባው ግን በ2020 ነው፤ ካሜሩናዊው ኢማኔ አዪሲ። ከ1868 እስከ 2020 ቆጥሩት።

በማግስቱ ጓደኛዬ ሾውሩሙ ውስጥ ጥግ አስቀመጠችኝ። ነጭ ግድግዳ፣ የብረት መስቀያ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ውሃና ቡና። ከእስያ የመጣች አንዲት ገዢ ጥቁር ካፖርት አወረደችና ፊቱን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ገለበጠችው። ገበሩን ጎተተች፤ በአውራ ጣቷ የታችኛውን እጥፋት ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰች፤ ወደ መስኮቱ ወስዳ ቀለሙን በቀን ብርሃን አየች። ልብስ ለማሳየት የተቀጠረችው ልጅ ለብሳ ዞረችላት። «እጅጌው ይረዝማል» አለች ገዢዋ፤ ጓደኛዬ ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱ መጣ፦ የልብሱ ቁጥር፣ የጅምላ ዋጋው፣ ከ34 እስከ 42 ከየልኩ ስንት፣ የሚደርስበት ወር። ሱቁ ጅምላውን ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ አድርጎ ይሸጠዋል። በመስከረም መጨረሻ የታዘዘው የሚቀጥለው ጸደይ ልብስ ነው፤ ፋብሪካው ጨርቅ የሚገዛው ትዕዛዙ ተደምሮ ሲያልቅ ነው።

መድረክ ላይ ወጥቶ ስልክ ያጥለቀለቀው ልብስ ብዙ ጊዜ እዚህ ወረቀት ላይ አይገኝም። በ2022 ኮፐርኒ የተባለው የፋሽን ቤት የሞዴሏ ቤላ ሀዲድ ገላ ላይ በስፕሬይ የረጨው ነጭ ቀሚስ ዓለምን አዳረሰ፤ ገበያ ላይ ግን አልወጣም። ቤቱን የሚያኖሩት ካፖርቱ፣ ሹራቡና ቦርሳው ናቸው። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ከቱለሪ ድንኳን ይልቅ የዚያች ሴት አውራ ጣት ነው ያስደሰተኝ።

ከሾውሩሙ ስወጣ በእግሬ ሩ ደ ላ ቬረሪ ቁጥር 18 ደረስኩ፤ ነዳፊው አዜዲን አላያ የኖረበት፣ የሰፋበትና ያሳየበት ግቢ፣ ዛሬ የፋውንዴሽኑ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ነው። በ2017 ያረፈው ይህ የቱኒስ ልጅ በየወቅቱ የሚታደለውን ሰዓት እምቢ ብሎ ኖረ። ልብሱ አለቀ ብሎ ሲያምንበት፣ የፋሽን ሳምንቱ ካለፈ ከሳምንታትም በኋላ ቢሆን፣ በራሱ ግቢ ያሳይ ነበር። ገዢዎቹም ያንን ልብስ ለማየት ፓሪስ ተመልሰው ይመጡለት ነበር።